መጋላን ከዜሮ በታች ያደረግሁ ዕለት

የሂሳብ አስተማሪ የሆንኩት ሂሳብ ስለማውቅ አይደለም። ኋላ ራሳችሁ ከምትደርሱበት አስቀድሜ እኔው ብነግራችሁ ክብሬ ትንሽ ትተርፋለች። በጃንሆይ ዘመን፣ ገና ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደ ወጣሁ፣ አማርኛና ታሪክ እንዳስተምር ድሬዳዋ ተመደብኩ። ከኔ በፊት የነበረው የሂሳብ አስተማሪ ሙቀቱን አልቻለውም መሰለኝ አንድ ቀን ባቡር ላይ ወጥቶ በዚያው ቀረ። ዳይሬክተሩ መምህራኑን ሰብስበው "ሂሳብ የሚችል ማን አለ?" ብለው ሲጠይቁ ሁሉም ቀና ብሎ ጣሪያውን ያይ ጀመር። እኔ አዲስ ስለሆንኩ በእንዲህ ያለ ጊዜ ጣሪያ እንደሚታይ የነገረኝ አልነበረም፤ ከዳይሬክተሩ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ሹመቴ በዚሁ ጸደቀ።

አገሬ አንኮበር ነው። ብርድ እየቆረጠመው ላደገ ሰው የድሬዳዋ ፀሐይ ምን እንደምታደርግ ልንገራችሁ ብል የማማርር ይመስልብኛል፤ ብቻ ከሰዓት በኋላ ጠመኔው ራሱ የሚያልበው ይመስለኝ ነበር። ከሙቀቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን አንቱታ የሌለው አነጋገራቸው ነው። እኛ ዘንድ ልጅ አባቱን ቀርቶ ታላቅ ወንድሙን አንቱ ይላል። ድሬዳዋ ግን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ፊት ለፊት ቆሞ "አቦ መምህር፣ አንተ ዛሬ ምን ሆነህ ነው የተኮሳተርከው?" ይላችኋል። መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ ስቆጣ ከረምኩ። ውሎ አድሮ ግን አንተ ማለታቸው ንቀት ሳይሆን ቅርበት መሆኑ ገባኝ፤ ኋላ ኋላማ አንድ ተማሪ አንቱ ካለኝ ምን አስቀየምኩት ብዬ እጨነቅ ጀመር።

ከነዚህ ልጆች መካከል ሰዓዳ የምትባል ነበረች። ቤቷ ከደቻቱ ማዶ፣ መጋላ ነው። ደቻቱ ከተማውን ለሁለት የሚከፍለው ወንዝ ነው፤ ወንዝ ስላችሁ ግን ውሃ እንዳትጠብቁ። ከላይ ተራራው ላይ ካልዘነበ በቀር አሸዋ ነው፤ ግመል ያልፍበታል፣ ገበያ ይቆምበታል፣ ልጅ ኳስ ይጠልዝበታል። ከወንዙ ወዲህ ባቡር ጣቢያውና ትምህርት ቤታችን ያሉበት ከዚራ ነው፤ ወዲያ ደግሞ መጋላ። ሰዓዳ ገና ሕፃን ሳለች እናቷ ስለሞተችባት ያሳደጓት አባቷ ሐጂ ዑመር ናቸው፤ መጋላ ውስጥ ሽርጥና ሻሽ የሚሸጡ ነጋዴ። አፋቸውን የፈቱት በሶማሊኛ ቢሆንም አማርኛቸው ለገበያ ብቻ ሳይሆን ለሙግትም ይበቃ ነበር።

ጎረቤቱ ሁሉ "ሴት ልጅ ይህን ያህል መማሯ ለምንድን ነው?" እያለ ሲነዘንዛቸው፣ ሐጂ "እሷ ከፈለገች እኔ ምን ቸገረኝ" ብለው ጠዋት ጠዋት እጇን ይዘው ደቻቱን ያሻግሯታል። ያለሳቸው አትሻገርም። አሸዋው ላይ ነጭ ሽርጣቸውንና ከዘራቸውን ሳይ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምክንያቱም ሰዓዳ አድጋ የሂሳብ አስተማሪ መሆን ትፈልጋለች። እንደኔ ያለ ሳይሆን፣ እውነተኛውን። የአባቷ ፈቃድ በቀጭን ክር የተንጠለጠለ መሆኑን ስለማውቅ አንድ ቀን ከቀረች ልቤ ይደነግጣል።

እንግዲህ አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ "ማይነስ በማይነስ ሲባዛ ፕላስ ይሆናል" ብዬ ጻፍኩና እጄን አራገፍኩ። ሰዓዳ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ ለምን?"

"ሕጉ ነው።"

"ማነው ያወጣው?"

"ፈረንጅ።"

"ፈረንጁስ ለምን አወጣው?"

ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። እሷ ግን አልተወችኝም። "ማይነስ ማለት መጉደል ነው ብለህ የለ? ቤታችን አንድ ሌባ ገባ እንበል። ሌላ ሌባ ቢጨመርበት የተሰረቀው ዕቃ ይመለሳል?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም "ይህን ነገ እናየዋለን" አልኩ። ነገ የምትለዋን ቃል መጀመሪያ የፈጠራት አስተማሪ ሳይሆን አይቀርም። እቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ባገላብጠው እሱም ልክ እንደኔ "ይሆናል" ብሎ ያልፋል። እንደ እውነቱ ከሆነ ለምን እንደሚሆን እኔም አላውቅም ነበር፤ ተማሪ ሳለሁ "ለምን" ብሎ የጠየቀ ልጅ ሲገረፍ ስላየሁ ሳልጠይቅ ነው ያለፍኩት።

በማግስቱ በምሳሌ መጣሁ። "የጠላትህ ጠላት ወዳጅህ ነው፤ ጠላት ማይነስ፣ ጠላት ማይነስ፣ ወዳጅ ፕላስ" አልኩ። በራሴ ኮራሁ። እረፍት ሲደወል ልጆቹ ምሳሌውን ሊሞክሩት ወጡ፤ ወዳጅ ለማግኘት መጀመሪያ ጠላት ስለሚያስፈልግ እርስ በርሳቸው ተሰዳደቡ፤ ከዚያ የጠላትን ጠላት ፍለጋ ከሌላው ክፍል ጋር ተጋጩ። ደወል ተደውሎ ሲገቡ ከንፈሩ ያላበጠ ወንድ ልጅ አልነበረም። ሰዓዳ ጥግ ላይ ቆማ ስታይ ቆይታ "መምህር፣ ፕላሱ የቱ ጋ ነው?" አለችኝ።

ምሳሌ ቀየርኩ። "የምትወዱት እንግዳ ቤታችሁ ሲመጣ ደስ ይላችኋል፤ ይህ ፕላስ በፕላስ ነው። የማትወዱት እንግዳ ሲሄድስ?" "ደስ ይለናል!" አሉ ባንድ ድምፅ። "በቃ! የማይወደድ ማይነስ፣ መሄድ ማይነስ፤ ውጤቱ ደስታ!" ይህኛው በእውነት የሚያምር ምሳሌ ነበር፤ ግርማ የሚባል ተማሪ ባይኖረኝ ኖሮ። የግርማ አጎት ለአንድ ሳምንት ብሎ ከሁርሶ መጥቶ ዓመት ሊሞላው ነበር። ግርማ በዚያ ምሽት፣ አጎትየው ለሁለተኛ ጊዜ ወጥ ሲያስጨምር፣ "መምህራችን አጎቴ ሲሄድ ፕላስ ይሆናል ብሏል" ብሎ በማዕድ ላይ ተናገረ። ሰውየው ጎራሽ ቢሆንም ኩሩ ነበር፤ በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ ወጣ።

ጠዋት የግርማ እናት ነጠላዋን አደግድጋ ትምህርት ቤት መጣች። "ወንድሜን፣ የእናቴን ልጅ፣ በቁጥር አባረርከው!" ብላ እርግማኑን አወረደችው። እኔ በየተራው አሜን ከማለት በቀር ያደረግሁት የለም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የግርማ አባት በጓሮ በር ገብቶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ትልቅ ሐብሐብ እጄ ላይ አኖረና እጄን ጨብጦ ቃል ሳይናገር ሄደ። ከክፍሉ ሁሉ ማይነስ በማይነስ ፕላስ መሆኑን ከልቡ ያመነ እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ሰዓዳ ግን አላመነችም። "ያ ደስታ ነው፣ ቁጥር አይደለም" አለች። እውነቷን ነው። ሐብሐቡን እየበላሁ ሳስብ አመሸሁና፣ ድንገት የቁጥር መስመሩ ከተማው መሐል ተዘርግቶ እንደሚኖር ታየኝ። ደቻቱ!

በማግስቱ ልጆቹን ይዤ አሸዋው ላይ ወረድኩ። መሐሉ ላይ ትልቅ ድንጋይ አስቀምጠን ዜሮ አልነው። ወደ ከዚራ በኩል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን ጠጠር ደረደርን፤ ወደ መጋላ በኩል ደግሞ ማይነስ አንድ፣ ማይነስ ሁለት፣ ማይነስ ሦስት። "የመጀመሪያው ምልክት ፊታችሁን ወዴት እንደምታዞሩ ይነግራችኋል። ፕላስ ከሆነ ወደ ከዚራ፣ ማይነስ ከሆነ ወደ መጋላ። ሁለተኛው ምልክት አረማመዳችሁን ይነግራችኋል። ፕላስ ከሆነ ወደፊት፣ ማይነስ ከሆነ የኋሊት!" አልኳቸው። ግርማ ፊቱን ወደ መጋላ አዙሮ ወደፊት ሲራመድ መጋላ ደረሰ፤ ማይነስ። ሰዓዳ ዜሮው ላይ ቆማ ፊቷን ወደ መጋላ አዞረች፤ ከዚያ የኋሊት ተራመደች፤ ቆመችና እግሯ ሥር ያለውን ጠጠር አየች። የቆመችው ከዚራ በኩል ነው።

"ፕላስ!" ብላ ጮኸች። "ገባኝ! መምህር፣ ገባኝ!" እጇን እያወዛወዘች ዘለለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እዚያው አሸዋ ላይ ከልጆቹ ጋር አብሬ ዘለልኩ፤ ከዚያ በኋላ በማስተማር ዘመኔ ያን ያህል የተደሰትኩበትን ቀን አላስታውስም።

የረሳሁት ደቻቱ ገበያም መሆኑን ነው። እንጨት በግመል ጭኖ ያለፈው ሰውዬ ድንጋይ ሲደረደር አይቶ "ማዘጋጃ ቤት መጋላን ሊያነሳ ነው፣ ድንበር እየተተከለ ነው" ብሎ አወራ። ወተት ሻጮቹ ከሱ ተቀብለው "ከዚራ ያለ ይቆጠራል፣ መጋላ ያለ አይቆጠርም ተብሏል" አሉ። ወሬው ገበያውን አቋርጦ ሐጂ ዑመር ሱቅ ሲደርስ እንዲህ ሆነ፤ "የሰዓዳ አስተማሪ መጋላ ከዜሮ በታች ነው፣ ለመጋላ ጀርባውን የሰጠ ሰው ይጨምራል ብሎ አስተማረ።" የዚህ የመጨረሻው ወሬ ክፋቱ፣ ብዙም አለመዋሸቱ ነበር።

በማግስቱ ሰዓዳ ቀረች። የመጋላ ልጆች እንደ ነገሩኝ ሐጂ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ "ወላሂ፣ ከዛሬ ወዲያ ፊቴን ወደዚያ ትምህርት ቤት አላዞርም!" ብለው ምለዋል። እሳቸው ካላሻገሯት ደግሞ አትሻገርም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

እኔ ግን ድስቱን እንደ ጣድኩ ሌላ ጥፋት ጨመርኩበት። ከሐጂ ጋር ልታረቅ ብዬ ክፍሉን እንደገና ወደ አሸዋው አወረድኩና ጠጠሩን ገለበጥኩት፤ መጋላ ፕላስ፣ ከዚራ ማይነስ። ከሰዓት በኋላ ባቡር ጣቢያ የሚሠራ አንድ አባት ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ከረባቱን እንዳሰረ እየሮጠ መጣ። "ልጄ ቤታችን ማይነስ አራት ላይ ነው ይላል! ለምን? ምን አጠፋሁ? ኪራዬን የማልከፍል ነኝ?" አለ። ዳይሬክተሩ ድምፁን ሰምተው ወጡ። እኔን ከእግር እስከ ራስ አይተው "ዋሂል አስተማሪ ይፈልጋሉ" ብቻ ብለው ተመለሱ። ዋሂል፣ ያ ሩቅ ገጠር፣ ክፉ አገር ሆኖ አይደለም፤ ግን ሰዓዳ ሳትመለስ መሄዴ ነው የጨነቀኝ።

ስለዚህ በማግስቱ ራሴ መጋላ ሄድኩ። የሄድኩበት ሰዓት ደግሞ ልክ ድሬዳዋ የሚጋደምበት ሰዓት ነው። ሱቁ ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ ሐጂና ጎረቤቶቻቸው ክንዳቸውን ትራስ ላይ ጥለው ጫታቸውን ይቅማሉ። በዚህ ሰዓት ሰው እንደ መጣ ጉዳዩን አይናገርም፤ ተቀምጦ፣ ሻሂውን ጠጥቶ፣ ስለ ሙቀቱ አውርቶ ነው።

"ዋርያ መዓሊን፣ ግባ። ተቀመጥ" አሉኝ ሐጂ። ዋርያ በነሱ ቋንቋ አንተ ሰው እንደ ማለት ነው፣ መዓሊን ደግሞ መምህር። የተቆጣ ሰው በደህና ሲቀበላችሁ ከስድብ ይብሳል። አንዱ ጎረቤት ቀንጠብ አድርጎ ጫት ሰጠኝ። እምቢ ማለት ነውር መስሎኝ፣ ጉንጭ ውስጥ እንደሚያዝ ሳላውቅ፣ እንደ ጎመን አኝኬ ዋጥኩት። ሰዎቹ ተያዩ፤ ከጨዋነታቸው የተነሳ አልሳቁም።

ሐጂ ሻሂዬን እስክጨርስ ጠብቀው "አንተ መዓሊን፣ ዜሮውን ደቻቱ ላይ ያስቀመጠው ማነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ።"

"ቤትህ የት ነው?"

"ከዚራ።"

"ሐዬ" አሉ። ጎረቤቶቹም ተከታትለው "ሐዬ" አሉ። ሐዬ እሺ እንደ ማለት ነው፤ የዚያን ቀኗ ሐዬ ግን ከፍርድ ቤት ውሳኔ ትከብድ ነበር።

"ሐጂ፣ ማይነስ ነውር አይደለም እኮ" አልኩ። "አቅጣጫ ነው።"

"ነውር ካልሆነ አንተ ውሰደው።"

"ወስጄ ነበር። ትናንት ከዚራን ማይነስ አደረግኩት።"

"ምን ሆነ?"

"ባርኔጣ ያደረገ ሰው መጥቶ ሊመታኝ ነበር።"

ጥግ ያለው ሽማግሌ ሻሂው ትን አለው። የሐጂም ጢም እንቅስቅስ አለ፤ ግን ሳቃቸውን ያዙት። "ይህን የምታስተምረውን ነገር አሳየኝ" አሉ። ተነስቼ ከሱቁ ፊት ያለው መንገድ ላይ ወጣሁ። "ይኸው፣ ፊቴ ወዲህ ነው፤ ማይነስ። አረማመዴ የኋሊት ነው፤ ማይነስ" እያልኩ ወደ ኋላ ስሄድ፣ ከኋላዬ ፍየል መተኛቷን የነገረኝ አልነበረም። ፍየሏ ብድግ አለች፣ እኔ ተንጋለልኩ፣ እግሬ ወደ ሰማይ ወጣ። ያን ጊዜ መጋላ ሳቀ። ሐጂ ዑመር ዓይናቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ "አቦ ተነስ፣ ተነስ" እያሉ እጄን ይዘው አነሱኝ።

አሸዋዬን ሳላራግፍ ለመንኳቸው። "ሐጂ፣ እኔን ይቅጡኝ፤ እሷን አይቅጧት። ክፍሌ ውስጥ ልጅ ሞልቷል። ለምን ብላ የምትጠይቀኝ ግን እሷ ብቻ ናት። እሷ ከቀረች እኔም እንደ ድሮዬ ደንቆሮ ሆኜ መቅረቴ ነው።" ይህን ስል አላፈርኩም። በእውነት ናፍቃኝ ነበር።

ሐጂ እጄን አልለቀቁም። "አንተ ክፉ ሰው አይደለህም" አሉ። "እኔ ግን ምያለሁ።"

"ከፋራ አለልህ፤ ትጾማለህ፣ መሐላው ይወርዳል" አለ ሽማግሌው።

"ጾሙስ ቀላል ነው። በገበያው ፊት የተናገርኩትን ቃል ግን እንዴት ልብላው? ነገ ሽርጥ ስሸጥ ማን ያምነኛል?"

ይሄኔ ከመጋረጃው ጀርባ የሰዓዳ ድምፅ መጣ። በሶማሊኛ ቀስ ብላ ተናገረች፤ አንዲት ቃል አልገባኝም። ከዚያ ሽማግሌው ጭኑን መታ፣ ሌላው "ማሻአላህ" አለ። ሐጂ ግን ከዘራቸውን እያዩ "መዓሊን፣ ወደ ቤትህ ሂድ" አሉኝ። ምን እንዳለች ብጠይቅ የነገረኝ የለም። እምቢ ማለታቸው ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ደቻቱን ተሻገርኩ።

ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። ከማዶ ጫጫታ ሰማሁ። አሸዋው ላይ ሕዝብ ተሰብስቧል፣ ግመል ነጂው ግመሎቹን አቁሟል፣ ወተት ሻጮቹ ጣሳቸውን አስቀምጠው ቆመዋል። በመሐላቸው ሐጂ ዑመር፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ፊታቸውን ወደ መጋላ አዙረው፣ የኋሊት ይመጣሉ። በአንድ እጃቸው ከዘራቸውን፣ በሌላው የልጃቸውን እጅ ይዘዋል። ሁልጊዜ እሳቸው ነበሩ የሚመሯት፤ ዛሬ እሷ ትመራቸዋለች። "ቀስ፣ ድንጋይ አለ! ወደ ግራ! አህያዋን አሳልፍ!" ትላለች። እኚያ መላ መጋላ የሚያከብራቸው ሰው ያለ አንዳች ማጉረምረም እንዳለቻቸው ያደርጋሉ። ሁለቴ ተሰናከሉ። የሳቀ አንድ ሰው አልነበረም።

ጀርባቸው የበሩን ብረት ሲነካ ቆሙ።

"መዓሊን፣ አለህ?" አሉ፣ ሳይዞሩ።

"አለሁ።"

"ፊቴን አላዞርኩም።"

"አላዞሩም ሐጂ። ሁላችንም አይተናል።"

"ደረስኩ?"

እኔ ሳልመልስ ግርማ ከአጥሩ ላይ ሆኖ "ፕላስ!" ብሎ ጮኸ፤ ተማሪው ሁሉ ተቀበለው።

ዞሬ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። ሐጂ ግን እኔን አያዩም፤ በትከሻዬ አሻግረው መጋላን ነው የሚያዩት። "አንተ ማይነስ አቅጣጫ ነው ትለኛለህ" አሉኝ ዝግ ብለው። "እናቷን የቀበርኳት በዚያ በኩል ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ጠዋት ጠዋት ልጃችንን ሳመጣ ጀርባዬን ሰጥቻት ነበር የምመጣው። ዛሬ መንገዱን ሁሉ እያየኋት መጣሁ።"

ከዚያ የሰዓዳን እጅ ለቀቁና አሸዋውን ይዘው ተመለሱ። ደወል ተደወለ፣ ልጆቹ ገቡ። ሰዓዳ በሩ ላይ ቆማ አባቷ ማዶ እስኪደርሱ ታያቸው ነበር፤ እኔም ግቢ አላልኳትም።